ከአውሎ ነፋሱ የሸሸው መርከብ

እናቴ ለሽርሽር መርከቡ ያዘጋጀችውን ሻንጣ ከቤት ያወጣው ጎረቤታችን ወገቡን ይዞ ነው የተመለሰው። ሻንጣው ውስጥ ምን እንዳለ ግን ማንም አልጠየቃትም። ሰባኛ ዓመቷን ባሕር ላይ የምታከብር ሴት ጥሩ ጥሩ ቀሚሶቿን ሁሉ ብትይዝ ማን ይገረማል? ጉዱን ያየነው መርከቡ በሚነሳበት በባርቤዶስ፣ ብሪጅታውን ወደብ ላይ ነው። መርከቡ መግቢያ ስንደርስ ፈታሹ ወጣት ሻንጣዋን እንድትከፍት በትሕትና ጠየቃት።

ከላይ አንድ ቀሚስ ነበረ። ከሥሩ ሻማ፣ ክብሪት፣ ፋኖስ፣ የቆርቆሮ ሰርዲን፣ ደረቅ ብስኩት፣ የታጠፈ ሸራ፣ የተጠቀለለ ወፍራም ገመድ፣ መዶሻ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ሚስማር፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ባትሪ ራዲዮናችን።

"እማዬ! ይሄ የቤቱ ሣጥን ዕቃ ነው እኮ!"

"ታዲያ የማን ይሁንልሽ?"

እኛ ግሬናዳ አጠገብ ባለችው ካሪያኩ ደሴት ላይ ሰኔ ሲገባ ያንን ሣጥን የማያዘጋጅ ቤት የለም። አውሎ ነፋስ ከመጣ ይከፈታል። ካልመጣ ወቅቱ ሲያልፍ ሰርዲኑ ይበላና ሣጥኑ አልጋ ሥር ይገፋል። እናቴ ዘንድሮ ነፋሱ የሚያገኘን ባሕር ላይ ነው ብላ ቆርጣለች። ስለዚህ ሣጥኑን ሻንጣዋ ውስጥ ገልብጣው መጣች።

"እናቴ፣ መዶሻ ይዞ መግባት አይቻልም" አላት ፈታሹ።

"ጣራው ቢነሳስ?"

"የመርከቡ ጣራ?"

"የአያትህ ጣራ ልበልህ እንዴ? የመርከቡ ነዋ!"

"ብረት ነው እናቴ። ሚስማር አይገባውም።"

"ብረት ሲበር አይቼ አውቃለሁ፣ ልጄ። አንተ ያኔ አልተወለድክም።"

ከኋላችን የተሰለፉት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ፈታሹ መዶሻውንና ሚስማሩን፣ ሻማውን፣ ክብሪቱንና ፋኖሱን ወሰደ። ገመዱን አገላብጦ አየና ራሱን ነቅንቆ መለሰላት። የቀረውን እናቴ መልሳ አጣጥፋ፣ ቀሚሷን ከላይ አልብሳ፣ ቀና ብላ ገባች።

በዚህ ወቅት መምጣታችን የእኔ ሥራ ነው። መምህር ነኝ፤ የማርፈው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ደግሞ ሰማዩ በሚከፋበት ጊዜ ነው። ስኮትላንድ ተምሬ ከተመለስኩ ወዲህ እናቴን የሚያስደስት ነገር ላደርግ ስል ቆይቻለሁ። እሷ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ እነዚያ ነጫጭ መርከቦች በሩቁ ሲያልፉ እያየች፣ አንድ ቀን እኔም ከዚያ ላይ ሆኜ ወደዚህ ባየሁ ትላለች። አባቴ ሬጂስ እንዲመጣ ለምነነው ነበር። "ባሕር የሥራ ቦታ ነው" አለ። "ሰው ለሽርሽር ወፍጮ ቤት ይሄዳል እንዴ?"

ከመሳፈራችን በፊት ትንበያውን በየማለዳው አይ ነበር። ከአፍሪካ ዳርቻ የተነሳች አንዲት ትንሽ ደመና ብቻ ነበረች። ልትጠነክር ትችላለች የሚሉ ነበሩ፤ ትበተናለች የሚሉም ነበሩ። እኔ ሁለቱንም አምኜ፣ ሁለቱንም ሳላምን ተሳፈርኩ።

የመጀመሪያውን ምሽት እናቴ አስተናጋጆቹን ሁሉ ስለ አየሩ ጠየቀች። ሾርባ ያመጣውን ጠየቀች፤ ሳህን ያነሳውንም ጠየቀች። ፀጉሩን አስተኝቶ ያበጠረው የወይን አሳላፊ "ነገ ፀሐይ ነው፣ እሜቴ" ሲላት፣ "አንተ ደግሞ ያው ጉርሻ ፈልገህ ነው" ብላ አሳቀችው። መኝታ ክፍላችን ገብታ የመስኮቱን ብሎኖች አንድ በአንድ ነካካች። ከዚያ ራዲዮኑን ደረቷ ላይ አድርጋ ተኛች።

በማግሥቱ ቁርስ ላይ ሳለን የካፒቴኑ ድምፅ ከጣራው ድምፅ ማጉያ መጣ። ከምሥራቅ የሚመጣው አውሎ ነፋስ በአንድ ሌሊት በጣም ጠንክሯል። ቢሆንም መንገደኞች እንዳይሰጉ። መርከቡ ወደ ግሬናዳና ወደ አጠገቧ ያሉት ትንንሽ ደሴቶች መሄዱን ትቶ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኩራሳው ደሴት ይዞራል። ባሕሩ የተረጋጋ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ይሆናል። መዋኛው እንደተለመደው ክፍት ነው።

ሰዎቹ አጨበጨቡ። እናቴም ማጨብጨብ ጀምራ እጆቿን አየር ላይ አቆመቻቸው።

"እኛን ካላገኘን ማንን ነው የሚያገኘው?"

ዳቦዬን ቅቤ መቀባት ቀጠልኩ።

"ማርቫ፣ ማንን ነው የሚያገኘው?"

"ካሪያኩን ይላሉ፣ እማዬ።"

ሹካዋን አስቀመጠች። ገጿ ላይ ፍርሃት አላየሁም፤ ምድጃ ላይ ድስት ረስታ የወጣች ሴት ገጽ ነበር። እንደምንም ተነስታ ወደ ክፍላችን ስትሮጥ ተከተልኳት። ሻንጣውን ከፈተች፤ ቀሚሱን ወረወረችው። ገመዱና ሸራው፣ ራዲዮኑና ሰርዲኑ አፈጠጡብን።

አባቴ ስልኩን ቶሎ አነሳው።

"ሬጂስ! ሰምተሃል?"

"ምኑን? አንቺ ደኅና ነሽ? ባሕሩ እንዴት ነው?"

"ባሕሩን ተወው! ወደናንተ እየመጣ ነው!"

"እዚህ መብራት ከሌሊት ጀምሮ የለም። ራዲዮኑን ስፈልግ ነው ያረፈድኩት። ሣጥኑን ብከፍተው ሙልጭ ያለ ባዶ! ምን ሌባ ነው የገባብን?"

እናቴ አይኖቿን ጨፈነች። "እኔ ጋ ነው።"

"ምኑ?"

"ሁሉም።"

ሳቁ መጣ። ያ ጀልባ የሚያናውጥ ሳቁ። "መርከብ ላይ? እዚያ ሁሉ ምግብ መሐል ሰርዲን ይዘሽ ወጣሽ?" ከዚያ ሳቁ በመሐል ተቆረጠ። "ገመዱንም?"

"ገመዱንም።"

"ታዲያ ጀልባዋን በምን ላስራት?"

እኛ ዘንድ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ጀልባ ሁሉ ወደ ማንግሮቩ ይገባል። ዛፎቹ ሥራቸው ውኃ ውስጥ ተጠላልፎ የቆመ ነው፤ ጀልባዎቹ ጎን ለጎን ተደርድረው በየአቅጣጫው ይታሰራሉ። አባቴ ግን አስሮ አይመለስም። ውኃው ሲነሳና ሲወርድ ገመዱን የሚያላላና የሚያጠብቅ ሰው ያስፈልጋል ይላል። አባቱም እንዲሁ ጀልባው ላይ ያድር ነበር። ጀልባዋን በገዛ እጁ ነው የሠራት፤ ስሟም ዩላሊ ነው፤ የእናቴ ስም።

"አታስራትም!" አለች እናቴ። "አሁኑኑ መምህር ኖርበርት ቤት ትሄዳለህ። የእሳቸው ጣራ ሲሚንቶ ነው።"

"ዩላሊስ?"

"ዩላሊ እኔ ነኝ! ያቺ እንጨት ናት!"

"እንጨትስ እንጨት ናት። ግን ጥላኝ ለሽርሽር አልሄደችም።"

"ሬጂስ፣ በእግዚአብሔር!"

"ማርቫን ስጪኝ።"

ስልኩን ተቀበልኩ። ከኋላው ሰዎች ሲጯጯሁ፣ አንድ ሞተር ሲነሳ ይሰማል።

"አንቺ የተማርሽው፣ እስኪ ንገሪኝ። ምን ያህል ነው ነፋሱ?"

"ከሁሉ የባሰው ደረጃ ሊደርስ ይችላል ይላሉ፣ አባዬ።"

"ሊደርስ ይችላል?"

"ወደ ሰሜን ትንሽ ሊያዘነብልም ይችላል። በእርግጠኝነት የሚናገር የለም።"

"አንቺ ምን ትያለሽ?"

ይሄንን ጥያቄ በሕይወቴ ቀጥ አድርጌ መልሼው አላውቅም። "ይመጣል፣ ውጣ" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። "እኔ እንጃ፣ አባዬ" አልኩት።

"እንግዲያው ከሰው ገመድ ተውሼ ላስራትና እመለሳለሁ" አለ። "ለእናትሽ ሰርዲኑን እንዳትጨርሰው ንገሪያት።" መስመሩ ተቋረጠ። መልሰን ብንደውል፣ ደጋግመን ብንደውል አልገባም።

ካፒቴኑ አልዋሸም። ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቶ ዋለ። ሰዎች ጀርባቸውን ቅባት ተቀብተው ተጋደሙ፤ ልጆች መዋኛው ውስጥ ተንጫጩ። ክፍላችን ያለው ቴሌቪዥን ካርታ ያሳያል። አንድ ትንሽ ነጭ መርከብ ወደ ምዕራብ ትንፏቀቃለች። ከኋላዋ አንድ ቀይ ጎማ እየዞረ ደሴቶቻችን ላይ ይወጣል። ካሪያኩ ካርታው ላይ ስሟም አልተጻፈም። ጎማው ሲያልፍባት ምንም አልታየም፤ ከበፊቱም አትታይም ነበርና።

እናቴ ያንን ሰዓት ያሳለፈችው ላይኛው ሰገነት ላይ ነው። ራዲዮኑን ከፍታ አንቴናውን ወደ ቤት አቅጣጫ ዘርግታ ቆመች። የግሬናዳን ጣቢያ ስትፈልግ የሚመጣላት የስፓኒሽ ዘፈን ነው። አጠገቧ የተጋደመ አንድ ሰውዬ ዘፈኑን ወዶት በጣቱ ያጅብላት ነበር። ትንሽ ዝቅ እንድታደርገው የጠየቀችም ሴት ነበረች። እናቴ ይቅርታ ጠይቃ ራዲዮኑን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

"ቀለል ይል ይሆናል" አልኳት።

"ይሆናል" አለች። "ያንቺ 'ይሆናል' መቼ አልቆ ያውቃል።"

በዚያ ቀን ከአባቴ ወሬ አልተገኘም። በማግሥቱም እስከ ቀትር እንዲሁ። ካሪያኩ ላይ የምናውቀውን ሁሉ ደወልን። ግሬናዳ ያለው የአክስቴ ልጅ ብቻ አንስቶ፣ የእርዳታ ጀልባዎች ወደዚያ ሊሄዱ ነው፣ ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለኝም አለን። እናቴ ምግብ አዳራሽ መውረድ አልፈልግም አለች። የበቆሎ ኩኩ፣ ያ የአገራችን ገንፎ፣ ቢሆን እበላ ነበር አለችኝ፤ እሱ ብቻ ነበር እዚያ መርከብ ላይ ያልነበረው።

ከሰዓት በኋላ ከማላውቀው ቁጥር ስልኬ ጮኸ።

"ማርቫ፣ ልጄ፣ ኖርበርት ነኝ" አሉ መምህር ኖርበርት። ከነፋስ ጋር እየታገሉ ነው የሚናገሩት። "ኮረብታው ላይ ነኝ። ለእርዳታ የመጡት ወታደሮች የሳተላይት ስልክ ነው። ብዙ አልቆይም።"

"አባዬስ?"

"አለ። አለ፤ በሕይወት አለ።"

እናቴ ስልኩን ነጥቃኝ ድምፁን ለሁለታችን እንዲሰማ አደረገችው። "የት ነው? ስጡኝ!"

"ዩላሊ፣ እሱ ታች ወደቡ ላይ ነው፤ ስልኩ የሚሠራው እዚህ ብቻ ነው። ስሚኝ። ነፋሱ ያገኘው ማንግሮቩ ውስጥ ነው። ጀልባዎቹ ተደራርበው ወደቁ። እግሩ ከጉልበቱ በታች ተጨፍልቋል፤ ቁስሉም መልኩን እየለወጠ ነው። የባሕር ጠባቂዎቹ ጀልባ ቁስለኞቹን ግሬናዳ ሆስፒታል ሊወስድ ቆሟል። እሱ ግን አልሳፈርም ብሏል።"

"ለምን?"

"ዩላሊ መጥታ ቤቱን ባዶ ብታገኘው የሞትኩ ይመስላታል ይላል። ቤት ስል፣ ደረጃው ብቻ ነው የቀረው። እሱ ላይ ልቀመጥና ልጠብቃት ይላል። ስንት ጊዜ ለመንነው! አሁን የሚሄደው ጀልባ ከሄደ ሌላው መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም።"

"ይሂድ በሉት! ዩላሊ ሂድ ብላለች በሉት!"

"ብለነዋል። ከራሷ አፍ ልስማ ይላል። የት ደርሰሻል? ቅርብ ነሽ? አንድ ነገር ስጪኝ፣ ወርጄ ልንገረው።"

እናቴ በመስኮቱ አየች። ውኃው እያብረቀረቀ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ እኛ ወደ ምዕራብ እንሄዳለን።

"መንገድ ላይ ናት በሉት" አለች። "ሆስፒታሉ ጋ ትጠብቅሃለች በሉት። ግሬናዳ ገብታለች በሉት። እየሰማችሁኝ ነው? ኖርበርት?"

የመጨረሻውን ሰምተው እንደሆነ አላውቅም። ስልኩ ዝም ብሏል።

 እናቴ ከሻንጣው አውጥታ የወረወረችውን ቀሚስ ለበሰች፤ ፀጉሯን በመሐረብ አሰረች፤ "ነይ" አለችኝ። በሊፍት ወርደን እንግዳ መቀበያው ጋ ደረስን። ሰው ተሰልፏል። እኛም ተሰለፍን። ጣልቃ ገብተን እንድንቀድም ክንዷን ብጎትታት "እነዚህም ጉዳይ አላቸው" አለች።

ከፊታችን አንዲት ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ታማርራለች። ትናንሾቹን ደሴቶች ለማየት ብላ ነበር የመጣችው፤ ያ አሸዋ፣ ያ አረንጓዴ ውኃ። አሁን ማን ይክሳታል? ዞር ስትል ከእናቴ ጋር ተያዩ።

"እርስዎስ አይበሳጩም?" አለቻት። "ይሄን ሁሉ መንገድ መጥተን!"

"እውነትዎን ነው" አለች እናቴ። "በጣም ይቅርታ፣ እሜቴ። አገሩ እንዲህ አልነበረም። በሌላ ጊዜ ይምጡ፤ ደስ ይልዎታል።"

ሴትየዋ አመስግናት ሄደች። ተራችን ደረሰ። ከባንኮኒው ኋላ ያለችው ልጅ የሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ፈገግታዋ የደከመ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስትሰደብ የዋለች ትመስላለች።

"ምን ልርዳዎት፣ እናቴ?"

እናቴ ሁለት እጆቿን ባንኮኒው ላይ አሳረፈች። "መርከቡን እንድታዞሩልኝ ነው፣ ልጄ። ባለቤቴ እየጠበቀኝ ነው።"

ልጅቱ አንድ አፍታ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ገጿ በራ። በዚያ ሁሉ ምሬት መሐል አንድ ደግ አሮጊት ሊያስቋት የመጡ መሰላት። አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። እናቴ የሰው ልጅ በእሷ ምክንያት እንዲያፍር አትወድም። አብራት ትንሽ ሳቀች።