የኋላ ወንበር ነዳጅ

«እጅህን ታጠብና ተቀመጥ፤ ሰው እያየህ ነው» አለችው የእህቱ ጎረቤት፣ የቡናውን ፔርሙስ እንደያዘች ዝቅ ባለ ድምፅ።

ባለቶርኖው መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው። ጥፍሮቹ ሥር ጥቁር ግራሶ ገብቷል። እህቱ የተቀበረችው ትናንት ነው። እሱ ግን ዛሬ ማለዳ ከለቀስተኛው መሀል ሹልክ ብሎ የእሱና የእህቱ ትንሽ አውሮፕላን ወደምትቆምበት መጋዘን ሄዶ ነበር።

ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ታጥቦ ተመለሰና ከእህቱ ባል አጠገብ ተቀመጠ። የእህቱ ባል በቅርቡ ጡረታ የወጣ ፀጉር አስተካካይ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ወሬ ሲሰማ ስለኖረ ይመስላል፣ የራሱ ወሬ ጥቂት ነው።

«እጀታውን ነቀልከው?» አለ፣ ቀና ሳይል።

«ሁለቱን ብሎን ፈታሁ ጋሼ። ሦስተኛው እምቢ አለኝ።»

«ብሎኑ ነው እምቢ ያለህ?»

ባለቶርኖው የተቀዳለትን ቡና ተቀበለ።

አውሮፕላኗን እህትና ወንድም ናቸው የገጣጠሟት። በሣጥን በሣጥን ተፈታትታ የመጣች፣ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን ናት። ስንት እሑድ እንደበላች የሚያውቀው የለም። መብረር የተማረው እሱ ስለሆነ የፊተኛው ወንበር የእሱ ሆነ፤ የኋለኛው የእህቱ። መሪ ለሁለቱም አለ። ሞተሩን የሚያስጮኸውና ዝም የሚያሰኘው የነዳጅ እጀታ ግን ፊት ብቻ ነበር።

እህቱ መኪና መንዳት ታስተምር ነበር። በማስተማሪያው መኪና በእሷ በኩል ያለው ፔዳል አንድ ፍሬን ብቻ በመሆኑ የሰፈሩ ሰው «እትዬ ፍሬን» ይላታል። ለወንድሟ ግን ቅጽል ስሙ ከዚያም በላይ ነበር። እናታቸው ስትሞት ጠብ እርግፍ ብላ ያሳደገችው እሷ ናት። መንገድ ሊሻገር ሲል ኮሌታውን ትይዛለች፤ ከጓደኞቹ ጋር ሊያመሽ ሲል በር ላይ ትቆማለች። ጎረምሳ ሆኖ ከአንድ ነጋዴ ጋር በጭነት መኪና ራቅ ወዳለ አገር ሊሄድ ሲል፣ መኪናው ፊት ሄዳ ቆመች። ሾፌሩ ጥሩምባውን ቢነፋ፣ ቢለምን፣ ቢሳደብ ወይ ፍንክች። ከላይ ሆኖ ሲያያት እንዴት እንዳፈረ እስከ ዛሬ አይረሳውም። ቦርሳውን ይዞ ወረደ። ብረት መቅረጽ ሊማር ቶርኖ ቤት የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

«ለኋላ ወንበርም የነዳጅ እጀታ ሥራልኝ» ያለችው ቀን ስቆባታል።

«እትዬ፣ መሬት ላይ ፍሬን ብትይዢ መኪናው ይቆማል። ሰማይ ላይ ነዳጅ ብትቀንሺብኝ የት ልንቆም ነው?»

«ልቀንስ መቼ አልኩህ?» አለች፣ የምትወለውልበትን ጨርቅ አስቀምጣ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሌላው ነዳጅ ሲሰጥ እኔ ፍሬን ላይ ተቀምጬ ነው የኖርኩት። አንድ ቀን እኔም ልስጥ እንጂ።»

ያኔም እሺ አላላትም። በስንት ጉትጎታ፣ በስንት ኩርፊያ ነው ለእጀታው የብረት ዘንግ ቶርኖ ላይ የቀረጸው። እጀታውን ከኋላው ወንበር በስተግራ ግድግዳው ላይ አሰረ፤ ዘንጉን በፊተኛው ወንበር የብረት ማቀፊያ ላይ ባለ ቀዳዳ አሳልፎ ከፊተኛው እጀታ ጋር አገናኘው። አንዱ ሲገፋ ሌላውም ይሄዳል። ሲሞክሩት ግን የኋለኛው፣ ነዳጅ ሊቀንሱ ወደ ኋላ ሲስቡት፣ እስከ መጨረሻው አልመጣ አለ። ዘንጉ የቀዳዳውን ጠርዝ እየነካ ይያዛል፤ ሞተሩም ሙሉ በሙሉ አይበርድም።

«የማይዘጋ ነዳጅ ይዘን አንነሣም። ቅዳሜ እናስተካክለው» አላት።

«ቅዳሜ» አለች።

ቅዳሜ ሳይደርስ፣ ከምሳ በኋላ ራሴን አመመኝ ብላ ጋደም እንዳለች ቀረች። እና አሁን የሚቀመጥበት ለሌለው ወንበር ያላለቀ ዕቃ ምን ይሠራል ብሎ ነው ሊነቅለው የሄደው።

ጥግ ላይ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ። «ያቺ አውሮፕላን ናት የጨረሰቻት።» «ኧረ ተይ፣ አልጋዋ ላይ ነው ያረፈችው።» ፀጉር አስተካካዩ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ።

ከቀትር በኋላ የአውቶቡስ ሾፌር የሆነች ደንዳና ሴት ከነደንብ ልብሷ ገባች። አልቅሳ ስታበቃ ከሁለቱ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«እኔን ነጂ ያደረገችኝ እሷ ናት» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «ፍሬን ፍሬን ትሏታላችሁ፤ እኔ ላይ ግን አንዴም ረግጣው አታውቅም። መኪና ውስጥ ስትገባ ቀኝ ጫማዋን አውልቃ ከወንበሩ ሥር ትከተው ነበር። ምነው እትዬ ብላት፣ ‹በባዶ እግሬ ብረት መርገጥ አልወድም፤ ጫማዬን ካላወለቅኩ ቶሎ ቶሎ እረግጥብሻለሁ› አለችኝ። አንድ ቀን አህያ ጥልቅ አለችብኝ። ዞር ብዬ አየኋት፤ እግሯን አንሥታ ወንበሩ ላይ ሰብስባዋለች። ፊቷ ግን ዐመድ መስሏል። እኔው ራሴ አቆምኩት።»

አጠገቧ ያሉት ፈገግ አሉ። አንዷ «አህያዋስ?» ብላ ጠየቀች።

«አህያዋማ ዞር ብላም አላየችን።»

ባለቶርኖው አልሳቀም። ሾፌሯ ተሰናብታ ስትወጣ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዘንበል አለ።

«ጫማዋን እንደምታወልቅ ታውቅ ነበር?»

«ካልሲዋን የማጥበው እኔ አይደለሁ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «አንተን ለምን እንዳላስተማረችህ ታውቃለህ?»

«ጊዜ የለኝም ብላ ሌላ አስተማሪ ጋ ላከችኝ። ያኔ ቅር ብሎኝ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ እስካሁንም ቅር ይለኛል።»

«እኔም ጠይቄያታለሁ። ‹ለሌላ ሰው ልጅ ጫማዬን አወልቃለሁ። እሱ ጎኔ ከተቀመጠ ግን በሁለት እግሬ ፍሬኑ ላይ ነው የምቆመው። እንዲህ ሆኖ ማን ነጂ ይወጣዋል? ሌላ ያስተምረው› አለች። ለአንተ እንዳልነግር አስምላኝ ነበር።»

ባለቶርኖው አንገቱን ደፋ። አለቀሰ። ከተቀበረች ጀምሮ እንባ ሲወጣው የመጀመሪያው ነው። ፀጉር አስተካካዩ ጀርባው ላይ እጁን አሳረፈ።

«ብሎኖቹን መልሰህ እሰራቸው» አለው፣ ሲረጋጋ።

«ማን ሊቀመጥበት ጋሼ?»

«እኔ አለሁ አይደል?»

«አንተ? መሰላል ላይ መውጣት የምትፈራው?»

«አውሮፕላኗ መሬት ላይ ትሆናለች አይደል? አታብርረኝ። እሷ ምን ፈልጋ እንደነበር ልየው ብዬ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ሄዱ። ጎረቤቷ ከኋላቸው «ለቅሶ ጥለው የት ነው የሚሄዱት?» ስትል ሰሟት፤ መንገዳቸውን ቀጠሉ። መጋዘኑ ውስጥ ባለቶርኖው የቀዳዳውን ጠርዝ በሞረድ አሰፋው፤ ዘንጉን እንዳይፍቀው ዙሪያውን ጎማ አለበሰው። ርዝመቱን ለማስተካከል የዘንጉን ጫፍ ጥቂት አዙሮ ማሰሪያ ዳዶውን አጠበቀና የኋለኛውን እጀታ ሳበው። ምንም ሳይዘው እስከ መጨረሻው መጣ። ገፋው፤ ሄደ። ደጋግሞ ሞከረውና ብሎኖቹን አንድ በአንድ አሰረ።

አውሮፕላኗን ወደ ደጅ ገፍተው ጎማዎቿ ሥር ግንዲላ አደረጉ፤ ጅራቷን መሬት ላይ ከተተከለ ብረት ጋር አሰሩት። ፀጉር አስተካካዩ ክንፉን በጥንቃቄ ረግጦ ወደ ኋለኛው ወንበር ወጣ። ቀበቶውን ባለቶርኖው አሰረለትና ፊት ገብቶ ተቀመጠ።

ሞተሩ ተነሣ። ባለቶርኖው እንደ ልማዱ ቀኝ እጁን መሪው ላይ፣ ግራውን ነዳጁ ላይ አድርጎ ሞተሩ እስኪሞቅ ጠበቀ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ «ግፋው» በሚል ራሱን ነቀነቀ።

እጀታው ከኋላ ሲነካ መዳፉን በስሱ ገፋው። ቆመ። እንደገና ገፋው። አልሄደም። ዘንጉ የያዘው መስሎት ደነገጠና ወደ ታች ተመለከተ። የያዘው የራሱ እጅ ነው፤ ጣቶቹ እስኪነጡ ድረስ አጥብቆ ጨብጦታል።

ጣቶቹን አላላቸው። እጁን አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። የፊተኛው እጀታ ከፊት ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ ወደ ፊት ሄደ፤ የሞተሩም ድምፅ እየጎላ መጣ።