ክፍት የቀረው ማይክ

ችግሩ የጀመረው መጋቢት ላይ ነው። መጀመሪያ የሰማችው ትንሳኤ ነበረች። ሌላ ማንም አልሰማም፤ ከሰማም አልተናገረም።

ትንሳኤ ገብረመስቀል ሶዶ ውስጥ ለሠርግ፣ ለምርቃትና ለኮንሰርት ድምፅ የምትሠራ ባለሙያ ናት። ዕድሜዋ ሠላሳ ስድስት ነው። አባቷ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚያው ሶዶ፣ መርካቶ በሚባለው ሰፈር ሬዲዮና ቴፕ ይጠግኑ ነበር፤ ሱቁን የወረሰችው ከሳቸው ነው። እሳቸው ካረፉ በኋላ እናቷ ሐዋሳ ታናሽ እህቷ ዘንድ ሄዱ። ትንሳኤ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ ከስፒከሮቿና ከገመዶቿ ጋር ብቻዋን ቀረች።

ሥራዋም ቢሆን ብዙ ወሬ ያለው ሥራ አይደለም። ድምፆቹን የምታመጣጥንበት ሚክሰሯ የሚቀመጠው ከመድረኩ አርባ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ሕዝቡ መሀል ነው። ዙሪያዋን ሺህ ሰው ይጨፍራል። ወደ እሷ የሚጠጋው ግን ወይ ስልኩን ቻርጅ እንድታደርግለት የሚለምን ነው፣ ወይ ሽንት ቤት የት እንደሆነ የሚጠይቅ። ድምፁ ሲያምር ዞሮ የሚያያት የለም፤ ድንገት ሲጮህ ግን ሁሉም አንገቱን ያዞርባታል።

ከምትሠራለት ባንድ ውስጥ ትርኢቱ ሲያልቅ ወደ እሷ የሚመጣ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ኢሳይያስ። የሁምቦ ልጅ ነው፤ አርባዎቹን አጋምሷል፤ ቁጥብ ነው። ላቡን በፎጣ እየጠረገ ይመጣና፣ «እዚህ ጋ እንዴት ነበር?» ይላታል። መድረክ ላይ የቆመ ሰው ሕዝቡ ጋ የሚደርሰውን ድምፅ አይሰማውምና፣ የምትነግረው እሷ ናት። «ሦስተኛው ዘፈን ላይ ከበሮው ዋጠህ» ትለዋለች። ወይም፣ «ዛሬ ደረቴ ውስጥ ነበርክ»። ከዚያ ገመድ በመጠቅለል ያግዛታል። ሌሎቹ በሚኒባስ ሲመለሱ እሱ ዕቃ በጫነው አይሱዙ ከሷ ጋር ጋቢና ይቀመጣል። ስድስት ዓመት እንዲህ ሆነው ሠሩ።

ድሮ የሱን ቤዝ ከጊታሩ በገመድ በቀጥታ ወደ ሚክሰሯ ነበር የምታስገባው። ወደ ቤሌ ወይ ወደ ሌላ የገጠር ከተማ ወጥተው በጄኔሬተር ሲሠሩ ግን ገመዱ እንደ ዝንብ መንጋ እያጉረመረመ አስቸገራት። ስለዚህ የጊታሩን ድምፅ በሚያጎላው አምፕ ፊት ማይክ ማቆም ጀመረች። አምፑ ያረጀ፣ ወገብ የሚደርስ ጥቁር ሳጥን ነው። እሷ ግን ድምፁን ወደደችው፤ የገመዱ ድምፅ ንጹሕ ቢሆንም አየር አልነካውም ትላለች።

መጋቢት ላይ ታዲያ በዚያ ማይክ በኩል «ዝርርር» የሚል ነገር ሰማች። ስፒከር ላይ ወረቀት ተለጥፎ የሚርገበገብ ይመስላል። ሁልጊዜ የሚመጡ አንዳንድ ድምፆችም መምጣት አቆሙ። አምፑን ፈታች፤ የስፒከሩን ጠርዝ በማጣበቂያ አሸገች። ዝርርሩ አልጠፋም። ገመዱን ለወጠች። የዘፋኝ ማይክ ሞከረች፤ ድምፁ ቀጠነባት። የትልቁን ከበሮ ማይክ ስታቆምበት ደግሞ ዝርርሩ የጠፋ መሰለ፤ ያ ማይክ የታችኛውን ድምፅ ያወፍርና መሀል ያለውን ይውጠዋል። እሷ ግን፣ «ይሄ መሸፈን ነው፤ መጠገን አይደለም» ብላ ማይኩን ወደ ከበሮው መለሰችው።

በየልምምዱ፣ ሁሉም ባለበት፣ «ኢሳይያስ፣ እስኪ ድገማት» ትላለች።

ይደግማታል። ዝርርር።

«አምፑ ነው መሰለኝ።»

«ይሆናል» ይላል እሱ፣ ጊታሩን እያየ።

ክረምቱን በሙሉ አምፑን ሦስት ጊዜ ፈታችው። በመጨረሻ አዲስ አበባ ስቱዲዮ የምትሠራ ሰብለ የምትባል የኮሌጅ ጓደኛዋን ለመነች። ሰብለም ትንሽ ነገር እንኳ የማያመልጠው ጥሩ ማይክ በአውቶቡስ ላከችላት። ትንሳኤ ደስ አላት። በዚህ ማይክ ብልሽቱ የት እንዳለ አገኘዋለሁ ብላ አሰበች።

መስከረም ላይ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ በጊፋታ ሳምንት፣ አረካ ሜዳ ላይ ኮንሰርት ነበራቸው። ረፋዱ ላይ ደርሰው መድረኩን ሠሩ። ትንሳኤ የተዋሰችውን ማይክ ስፒከሩ እምብርት ትይዩ፣ ሁለት ጣት ያህል ራቅ አድርጋ አቆመችው። እዚያ ቦታ ላይ ማይክ ሁሉን ይሰማል፤ ጣት ክር ላይ ሲንሸራተት ሳይቀር።

ቀትር ላይ ሌሎቹ ምሳ ሄዱ። ኢሳይያስ አልራበኝም ብሎ ቀረ። አምፑ አጠገብ ባዶ የከበሮ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ይለማመድ ጀመር። ትንሳኤ ሚክሰሯ ጋ ሄደች፤ በሜዳው ስፒከሮች እንዳይወጣ ዘግታ የቤዙን ማይክ ብቻ በሄድፎን ከፈተችው።

አንድ ድምፅ መታ። ጥሩ። ሁለተኛው ጥሩ። ሦስተኛው ላይ ዝርርር። አቆመ። ደገመው። ዝርርር። ማንም ድገም ሳይለው አራት፣ አምስት ጊዜ ደጋገመው። ከዚያ ስልኩ ጠራ፤ የአምፑን ድምፅ ቀነሰው።

ጀርባው ነው የሚታያት፤ አርባ እርምጃ ርቋታል። ጆሮዋ ላይ ግን አጠገቧ የተቀመጠ ያህል ነበር። ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማታል። በወላይትኛ ነው የሚያወራው፤ ሁምቦ ካለው ወንድሙ ከባዳቾ ጋር። ትንሳኤ ሶዶ ተወልዳ ያደገች ናትና አንድም ቃል አላመለጣትም።

«ሁለቱ ጣቶቼ ሞተዋል» አለ። «ትንሿና የቀለበቷ። ክሩን የተጫንኩ ይመስለኛል፣ ግን አልተጫንኩም… ክርንህ ላይ ነርቭ ታንቋል ነው የሚሉኝ። ቀዶ ጥገና ቢደረግም እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል አሉ።» ወንድሙን አዳመጠ። «ኧረ ማንም አያውቅም። ድምፅ የምትሠራዋ፣ ትንሳኤ፣ እሷ ሰምታዋለች። አምፑ ነው ትላለች። ሦስት ጊዜ ፈታታ ገጠመችው፤ እኔም አጠገቧ ቆሜ ዝም ብዬ አየኋት።» ድምፁ ተሰበረ። «ሰው ፊት ድገማት ስትለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ፣ ባዳቾ።»

ከዚያ ወንድሙ እያጽናናው ይመስላል፤ ለጥቂት ደቂቃ የኢሳይያስ ትንፋሽ ብቻ ተሰማ። ትንሳኤ ሄድፎኑን ማውለቅ ትችል ነበር። እጇም ከፍ ብሎ ነበር። ግን አላወለቀችውም። አልቅሶ እስኪያበቃ ድረስ አዳመጠችው።

ከዚያ ሄድፎኑን አወለቀች። መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት፤ ድገማት ያለችበትን ቀን ሁሉ መቁጠር ጀመረችና ተወችው። ከዚያ ተነሥታ ወደ መድረኩ ወጣች።

ኢሳይያስ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። «ምን ጎደለ?» አላት።

«ምንም» አለች። የተዋሰችውን ማይክ ፈትታ ከረጢቱ ውስጥ ከተተችው። ወደ ከበሮው ሄዳ የትልቁን ከበሮ ማይክ አወጣች። ይሄኔ ከምሳ የተመለሰው ከበሮ መቺው ናኦል ደረሰባት።

«ትንሴ! ከበሮዬን ልታራቁቺው ነው እንዴ?»

«በዘፋኝ ማይክ ትሠራለህ።»

«በዚያ ቀጭን ማይክ? ሰው ቆርቆሮ የምመታ ሊመስለው ነው!»

«ናኦል፣ ለዛሬ እሺ በለኝ።»

እያጉረመረመ እሺ አለ። ትንሳኤ ወፍራሙን ማይክ ስፒከሩን ሊነካ እስኪደርስ አስጠጋችው፤ ከእምብርቱም አርቃ ወደ ጠርዙ አዘነበለችው፣ ሹል ድምፅ ወደማይደርስበት። ኢሳይያስ እጇን ያይ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሜዳው ሞላ። ዘፋኟ አገርነሽ ወጣች፤ አረካ ተናወጠች። ትንሳኤ ዘፈኖቹን በቃሏ ታውቃቸዋለች፤ ኢሳይያስ ትንሿን ጣት የሚፈልግባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ታውቃለች። እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ የጎደለውን እንዲሸፍንለት የኪቦርዱን የታችኛውን ድምፅ በጣቷ ብቅ ታደርገዋለች። ያልፍና ትመልሰዋለች፤ ኢሳይያስ እግር ስር ባለው ስፒከርም ያንኑ ድምፅ ትልክለታለች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ዓይኗ ከግራ እጁ አልተነቀለም። አንድ ልጅ እግር ጎረምሳ መጥቶ ስልኩን ቻርጅ ላይ እንድታደርግለት ጠየቃት፤ አልሰማችውም። ቤዙ በሕዝቡ እግር ስር እንደ ወፍራም ምንጣፍ ተዘረጋ። ዝርርሩን ማንም አልሰማም።

ሲያልቅ ኢሳይያስ መጣ። ፎጣው ትከሻው ላይ ነበር። የሁልጊዜ ጥያቄውን አልጠየቃትም።

«ማይኩን ቀየርሽው» አለ።

«አዎ።»

«ስድስት ወር እምቢ ያልሽውን። ለምን?»

መዋሸት ትችል ነበር። አዲሱ ማይክ የጄኔሬተሩን ጩኸት እየሰማ አስቸገረኝ ብትለው ያምናት ነበር። ግን አልዋሸችም።

«ቀትር ላይ ስልክ ስታወራ ማይኩ ክፍት ነበር።»

ኢሳይያስ መድረኩን ዞሮ አየ፤ ከዚያ ሄድፎኑን አየ። «ምን ያህል ሰማሽ?»

«ሁሉንም።»

«ይሄ ነገር ይወልቃል አይደል?»

«ይወልቃል።»

«አላወለቅሽውም።»

«አላወለቅኩትም።»

«ለወንድሜ ነበር የነገርኩት፣ ትንሳኤ» አለ በቀስታ። «ለአንድ ሰው።»

«ኢሳይያስ፣ ድገማት እያልኩህ…»

«ተዪው።»

ሄደ። የዚያን ቀን ገመዶቹን ብቻዋን ጠቀለለች። እሱ ከሌሎቹ ጋር ሚኒባስ ውስጥ ገባ፤ እሷ ጋቢና ከሹፌሩ ጋር ተቀመጠች። ሹፌሩ መንገዱን በሙሉ ስለ ጎማ ዋጋ አወራላት።

በሁለተኛው ሳምንት ኢሳይያስ አገርነሽ ጋ ደውሎ በቤተሰብ ጉዳይ ባንዱን መተዉን ነገራት። ለትንሳኤ አልደወለም። በቦታው ከሐዋሳ ሌላ ቤዚስት መጣ። ጎበዝ ነው፤ የራሱ አዲስ ዕቃ አለው፤ ማይክ አልፈልግም ብሎ በገመድ በቀጥታ ሚክሰሯ ውስጥ ይገባል። ድምፁ ንጹሕ ነው። ትርኢቱ ሲያልቅ ጊታሩን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ይሄዳል። ትንሳኤ አንዳንድ ቀን የኢሳይያስን ቁጥር አውጥታ ታየዋለች፤ አንድ ሁለት ጊዜ ደውላ ሳይነሣ ዘጋችው። የምትለው አላዘጋጀችም ነበር።

ጥር ሲጋመስ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ዘግታ ሁምቦ ሄደች። ጠይቃ ጠይቃ አገኘችው፤ ኮረብታው ስር ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል። ሲያያት ቆሞ ቀረ። ከዚያ የሚያጠጣበትን ጆግ አስቀምጦ መጣና በቀኝ እጁ ጨበጣት።

ባዳቾ ቤት ወሰዳት። የወንድሙ ሚስት ዘመነች ቦዬ የሚሉትን ሥራሥር ቀቅላ አቀረበች። ኢሳይያስ እጅጌውን ጠቅልሎ ክርኑ ላይ ያለውን የቀዶ ጥገና ጠባሳ አሳያት። ሁለቱን ጣቶች ዘረጋቸው፤ ተዘረጉ፣ ግን ቀስ ብለው፣ የሌላ ሰው ጣቶች ይመስሉ ነበር።

«ችግኝ መትከል ይችላሉ» አለ።

ዘመነች ወጣ ስትል ትንሳኤ፣ «ይቅርታ ልልህ ነው የመጣሁት» አለችው።

«ያን ቀን የተናደድኩ መስሎሽ ነው? አፍሬ ነው። ደግሞ ስጫወት፣ ጣቶቼ የተመለሱ መስሎኝ ነበር። አንዱ ዘፈን ላይ ድኛለሁ ብዬ አሰብኩ። የሸፈንሽልኝ አንቺ መሆንሽን ሳውቅ…» አልጨረሰውም።

«ብትነግረኝ ኖሮ…»

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?»

አሰበች። «ያንኑ። ግን ሁለታችንም ብቻችንን አንሆንም ነበር።»

ኢሳይያስ ቦዬዋን ልጦ ፊቷ አስቀመጠላት። ጊታሩ የት እንዳለ ልትጠይቀው ፈልጋ ተወችው።

ስምንት ሰዓት ላይ መንገድ ዳር ድረስ ሸኛት። ፀሐዩ ይፋጃል። ሚኒባሱ ሲመጣ ከኋላ፣ መስኮቱ የማይከፈት ወንበር ላይ ቦታ አገኘች። መኪናው ሲነሣ ኢሳይያስ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። ከንፈሩን አየች፤ ሞተሩና የተሳፋሪው ጫጫታ ድምፁን ዋጠው። የሰማች መስላ ራሷን ነቀነቀች። መንገዱን ሁሉ ምን እንዳለ ስትገምት ሄደች፤ አንዴ አትጥፊ ያለ ይመስላታል፣ አንዴ ደግሞ ሌላ።

ሶዶ ደርሳ ሱቋን ሳትከፍት በሩ ላይ ቆማ ደወለች። በመጀመሪያው ጥሪ አነሣው።

«መኪናው ሲነሣ ምን ነበር ያልከኝ?»

«መቼ? አሃ!» አለ። «አቧራ አለው፣ መስኮቱን ዝጊው ነው ያልኩሽ።»

«ዝግ ነበር እኮ።»

«ኧረ?» ሳቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ሰማችው ማለት ይቻላል። እሷም ሳቀች። ከዚያም በኋላ ሁለቱም ስልኩን አልዘጉም። ከሱ በኩል ነፋስ ይሰማ ነበር፤ ራቅ ብሎም የሆነ ሰው ከብት ይጣራል። ባዳቾ ሲጠራው «ልሂድ» አለ።

«እሺ፣ ሂድ» አለችው። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ቁልፉን መፈለግ ጀመረች።