ንጋቱ ተቀምጦ የጠበቀ ቀን

ልጆቼ፣ ጓደኛዬ ንጋቱ በሰላምታ ቀልድ አያውቅም። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከቅመም ሱቁ በር ወንበር አውጥተን ስንቀመጥ፣ ከማዶ የሚያውቀው ሰው ካለፈ ብድግ ይላል። ጉልበቱ እሺ አይለውም፤ እሱ ግን ይነሳል። ማዶ ያለው ታናሽ ከሆነ ደግሞ ምን ያድርግ? ሽማግሌ ተነስቶለት ዝም ብሎ አይሄድ። በመኪናው መሀል ሰንጥቆ ይመጣል።

ሮሐም እንዲያ ነው የመጣችው። ዌስትቼስተር ሆቴል የምትሠራ፣ የሁላችንም ልጅ ናት። ማዶ ፓርክ አድርጋ ስትወርድ ንጋቱ ተነሳ። «ኧረ ጋሼ፣ ይቀመጡ» እያለች፣ እየሳቀች መንገዱ ውስጥ ገባች። ዓይኗ እሱ ላይ ነበር። የመጣው መኪና ፍሬን ቢይዝም አልቆመላትም። እግሯ ተሰበረ። ሾፌሩም ምስኪን፣ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ንጋቱ ከቤት መውጣት ተወ። እህል ጠላ።

«መኪናውን አንተ ነዳኸው?» አልኩት።

«አልነዳሁም። ብድግ ማለቴ ግን ነይ ማለት አይደል?»

ሰው እንዲህ እያየኸው ሲያልቅ ከባድ ነው። ለሮሐ ደወልኩላት።

«አልተቀየምኩም ብያቸው የለ?» አለች።

«ብለሽዋል። አልተዋጠለትም።»

«ኦኬ። ቅዳሜ እንደምንም ያውጡልኝ፤ በክራንችም ቢሆን እመጣለሁ» አለች።

ቅዳሜ ጎትቼ ወደ ወንበራችን አወጣሁት። ሮሐን ወንድሟ ማዶ አወረዳት። ንጋቱ የወንበሩን ክንድ ተደግፎ ሊነሳ ሲል፣ መዳፏን ዘርግታ ከለከለችው። ከዚያ ፊቷን አዙራ ወደ ትራፊክ መብራቱ ማዝገም ጀመረች። ቀይ ሆነባት፤ ቆመች። ሌላው ሰው መንገዱ ባዶ መሆኑን አይቶ ሲሻገር እሷ አልተነቃነቀችም።

ንጋቱ ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ይዟል። «ልጅቷ በክራንች እየመጣች እኔ እንደ ሹም ልቀመጥ?»

«ለዛሬ ሹም ሁን» አልኩት።

መብራቱ ለቀቀላት። እየተጎተተች ተሻግራ አጠገቡ ደረሰች።

«አሁን ይነሱ» አለችው።

ተነሳ። ትከሻዋን አቅፎ ብዙ ቆየ፤ እኔም ወደ መንገዱ ዞርኩላቸው። ኋላ ምሳ አዘዝን። ንጋቱ በላ።