ሶልቬግ ሻንጣ የገዛች ቀን

ሶልቬግ ትቬት ያን ቅዳሜ ከቤት ስትወጣ ለእናቷ የሱፍ ሹራብ፣ ለቄሱ ልጆች ደግሞ ከረሜላ እንደምትገዛ ታውቅ ነበር። ያላወቀችው ለአንሰል ብሬኬ ምን እንደምትገዛለት ነው። ነገሩ የስጦታ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ ባልነሳት።

አንሰል ከከተማው ወጣ ብሎ ላሞች የሚያረባ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው። ከገና በፊት ባለው ወር፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ የመኪናውን መስታወት በረዶ እየፋቀ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት፣ «እኔና አንቺ ብንጋባ ክፉ ነገር አይመስለኝም» አላት። ከዚያ «አትቸኩዪ፤ እስከ ገና አስቢበት» ብሎ መፋቁን ቀጠለ። ሶልቬግ ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ሰው ጠይቋት ያውቃል፤ እሱ ግን ጦርነት ሄዶ በዚያው ቀርቷል።

ኖርዳል ትንሽ ከተማ ናት። አያቶቹ ከኖርዌይ ወደ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ የፈለሱ የአካባቢው ገበሬ ሁሉ የሚገበያየው አንድ መንገድ ላይ ነው፤ ማን ምን እንደገዛ ለመስማትም የግድ እዚያው መገኘት አያስፈልግም። ያላገባች ሴት ለወንድ ጓንት ገዛች ማለት ቀለበት አጠለቀች ማለት ነው። ምንም አልገዛችለትም ማለት ደግሞ እምቢ አለች ማለት ነው። መሃል መንገድ የለም።

በዚያ ላይ ሌላ ጭንቀት ነበረባት። የከተማው የስልክ ኦፕሬተር እሷ ናት፤ መስመሩን እየሰካች እየነቀለች ሰውን ሁሉ የምታገናኝ። በመጪው ጸደይ ግን ሰው ራሱ ቁጥር እያዞረ የሚደውልበት አዲስ ስልክ ሊገባ ነው። ኩባንያው «ትልቁ ከተማ ሚኒያፖሊስ ቦታ አለልሽ፤ ከፈለግሽ ነይ» ብሏታል። ይህን ከእናቷ ከገርትሩድ በቀር ማንም አልሰማም። እናቷም «ሂጂ» አላለቻት፣ «ቅሪ» አላለቻት፤ «ድንቹን ላጪ» ነው ያለቻት።

መንገዱ ላይ ስትደርስ ሰዉ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። ባንኩ ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ የገና መዝሙር ያሰማል፤ ነፋሱ ባየለ ቁጥር ዜማው እየተቆረጠ ይመጣል። ከዚህ ማዶ እዚያ ማዶ የተወጠሩት ባለ ቀለም አምፖሎች ይወዛወዛሉ። ገበሬዎቹ የጭነት መኪኖቻቸውን ደርድረው፣ ሚስቶቻቸው እስኪገዙ ድረስ ስለ ብርዱ ያወራሉ። ሶልቬግ ሹራቡንም ከረሜላውንም ቶሎ ገዛችና ወደ ኦደጋርድ የልብስ መደብር ገባች።

የወንድ ጓንት ከተደረደረበት ጠረጴዛ ፊት ቆማ አንዱን አንሥታ ታገላብጥ ጀመር። ሚስተር ኦደጋርድ መነጽሩን እያስተካከለ ከኋላዋ መጣ።

«ለአንሰል ነው?»

«ለማንም አይደለም። ዝም ብዬ እያየሁ ነው።»

«ያንን ከወሰድሽለት አውራ ጣቱ ብቻ ነው የሚገባው። የሱ እጅ አካፋ ነው። ቆይ፣ ትልቁን ላምጣልሽ።»

«አያምጡ፤ አልገዛም አልኩ።»

«አትፈሪ ልጄ፣ ካልሆነው ከሠርጉ በኋላ እቀይርለታለሁ።»

ክር ከሚሸጥበት ጥግ አንዲት ሴት ሳቀች። ሂልማ ራስሙሰን ነበረች፤ የቤተ ክርስቲያኑን የሴቶች ማኅበር የምትመራው። «እኔ ምንም አልሰማሁም» አለች ዓይኗን ክሩ ላይ ተክላ። ሶልቬግ ጓንቱን እንደ ፍም ጣል አድርጋ ወጣች።

መንገዱን ተሻግራ ብረታ ብረት የሚሸጠው ኔልስ ዘንድ ገባች። ገና በሩን ሳትዘጋ፣ «ጓንቱን ተይው» አላት። «ጓንት አለው። ለአንሰል የሚያስፈልገው ፋኖስ ነው። ከጋጣው ያለው አርጅቷል፤ ባለፈው ሳምንት እዚህ ቆሞ ሲያማርር ነበር።»

«ማን ነው የነገረህ?»

«ምኑን?»

«ጓንቱን ነዋ።»

ኔልስ ትከሻውን ሰበቀ። «እንዲያው ሲባል ሰማሁ።»

እሷ መንገድ እስክትሻገር ወሬው ቀድሟት ደርሷል። ሶልቬግ ፋኖሱን አየችው። ጥሩ ፋኖስ ነበር፤ አንሰልም በእርግጥ ይወደዋል። ማለዳ ማለዳ በዚያ ፋኖስ ብርሃን ላም ሲያልብ፣ እሷም ኩሽና ቆማ ቡና ስታፈላ ታያት። ሥዕሉ ክፉ አልነበረም። ግን ዓመቱን ሙሉ፣ ከዚያም የሚቀጥለውን፣ ከዚያም ቀጥሎ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አሳያት። «ተመልሼ እመጣለሁ» ብላ ወጣች።

ውጭው የባሰ ሆኖ ጠበቃት። የእሳት አደጋ መኪናው ደወሉን እያንቃጨለ የገናን አባት ይዞ እየመጣ ነበር። ቀይ ካባ ለብሶ፣ ከጥጥ የተሠራ ጢም ለጥፎ ከላይ የተቀመጠው የከተማው ፀጉር አስተካካይ መሆኑን የማያውቁት ሕፃናቱ ብቻ ናቸው። ሕዝቡ ወደ መንገዱ ጎርፎ ሶልቬግን ከመብራት እንጨት ጋር አጣበቃት። መኪናው አጠገቧ ሲደርስ የገና አባት ጎንበስ አለና ጢሙን ገለጥ አድርጎ፣ «ሶልቬግ፣ ቀኑን ቆረጣችሁ ወይስ እኛ እንቁረጥላችሁ?» አላት። ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ክፋት አልነበረበትም፤ ክፋት ቢኖርበት መልስ አታጣም ነበር። ሁሉም ስለ እሷ ደስ ብሏቸዋል። እንዲያ ደስ የተሰኘን ሰው ምን ይሉታል?

በክርኗ እየገፋች ከሰዉ መሃል ወጣች። ወዴት እንደምትሄድ አላሰበችበትም፤ እግሯ መራት። መንገዱ መጨረሻ ላይ ያለው የአንድ ሽማግሌ ኮርቻ ሰፊ ሱቅ ውስጥ ራሷን አገኘችው። ኮርቻ የሚያሰፋ እየጠፋ ስለመጣ ሰውየው አሁን ቀበቶና ሻንጣ ይሸጣል። ጆሮው ስለደከመ ወሬ ከሱ ዘንድ ሲደርስ ይሞታል። መስኮቱ ሥር አንድ ቡናማ የቆዳ ሻንጣ ተቀምጦ ነበር፤ ማዕዘኖቹ በደንብ የተሰፉ፣ መቆለፊያው የሚያብረቀርቅ። ሶልቬግ ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ እንደገና ከፈተችው። ሽማግሌው «ለማን ነው?» አላላትም። «ጠንካራ ነው» ብቻ አላት። ከፈለችና ይዛው ወጣች።

ባዶ ሻንጣ ቀላል ነው፤ በኖርዳል መንገድ ግን ከበደ። ገበሬዎቹ ወሬያቸውን አቋርጠው ባርኔጣቸውን ነካ ነካ አደረጉላት። ሚስተር ኦደጋርድ ከመስኮቱ ጀርባ ቆሞ አያት። አንዷ «የጫጉላ ጉዞ ነው?» አለቻት፤ ሌላዋ «ዝም በይ፣ ጫጉላ በክረምት?» አለቻት። ሶልቬግ ፈገግ እያለች አለፈች፤ ጉንጯ እስኪያማት።

የስልክ ቢሮው ጋ ስትደርስ በእረፍቷ ቀን የምትተካት ቦርግሂልድ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እግዜር ነው ያመጣሽ። ልጆቼ የገናን አባት ሳያዩ ሊያልፍ ነው። ትንሽ ተቀመጪልኝ።» ሶልቬግ ሻንጣውን ጥግ አስቀምጣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አጠለቀች። መቀመጥ አቅቷት ስለነበር ቆማ ነው የሠራችው።

ወዲያው አንድ መስመር ጠራ። «ቦርግሂልድ፣ ኔልስን አገናኚኝ» አለች ሂልማ። ሶልቬግ ድምፅዋን ሳታሰማ ሰካችላት። ሕጉ ካገናኙ በኋላ ማዳመጫውን መዝጋት ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ስትሠራ አንድም ቀን ጥሳው አታውቅም። እጇ ወደ መዝጊያው ሄደና እዚያው ቀረ።

«ሻንጣውን አየኸው?» አለች ሂልማ።

«አየሁት። ቡናማ ነው።»

«ቀለሙን ማን ጠየቀህ? ልጅቷ ልትሄድ ነው ኔልስ። እኔ ያ ምስኪን አንሰል ነው ያሳዘነኝ። የቤቱን ላይኛ ክፍል ለእናቷ ብሎ ቀለም ቀብቶታል። ደረጃው እንዳይከብዳት መደገፊያ ሁሉ ገጥሞበታል።»

«መደገፊያውን ከኔ ነው የገዛው። ለማንም አትንገር ብሎኝ።»

«ታዲያ ለምን ነገርከኝ?»

«አንቺ ማንም ነሽ እንዴ?»

ሶልቬግ ማዳመጫውን ዘጋች። ከዚያ በኋላ ቦርግሂልድ እስክትመጣ ድረስ ቢሮውን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተመላለሰችበት። ሰውየው ስለዚያ ክፍል ለእሷ ትንፍሽ አላለም። ቢነግራት ኖሮ ትናደድ ነበር፤ አለመንገሩ ደግሞ አቃጠላት።

ሲመሻሽ ከተማው በሙሉ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ለእራት ተሰበሰበ። በየዓመቱ ገና ሲቃረብ ሉተፊስክ ይበላል፤ በአመድ ውሃ ተዘፍዝፎ የለሰለሰ የደረቀ ዓሣ ነው፤ ሽታውን የማይወድም ሰው እንኳ ይበላዋል። የሚያስተናግዱት ወንዶቹ ናቸው። ሶልቬግ ሻንጣዋን ካፖርት ከሚሰቀልበት ክፍል ትታ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። አንሰል ሽርጥ አስሮ፣ የቀለጠ ቅቤ በማንቆርቆሪያ ይዞ እያዞረ ነበር። እሷ ጋ ሲደርስ ዓሣዋ ላይ አፈሰሰላት።

«ሻንጣ ገዛሽ አሉ።»

«ምን አሉህ?»

«ቡናማ ነው አሉኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላም ብለዋል። እኔ የያዝኩት ቡናማ መሆኑን ነው።»

«ቅቤውን አስቀምጠውና ና» አለችው። ካፖርቶቹ ክፍል ሲገቡ ምድር ቤቱ ውስጥ የሹካው ድምፅ ቀነሰ።

«ለእናቴ ክፍል ቀለም ቀባህ?»

«የትኛውን ክፍል?»

«አንሰል።»

«ቀባሁት» አለ። «ቢጫ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ እምቢ ማለት ይከብድሽ ነበር።»

ሶልቬግ የአንዱን ካፖርት ቁልፍ ይዛ ማዞር ጀመረች። «አሁንም ከበደኝ።»

«እንግዲያስ እምቢ ልትይ ነው» አለ አንሰል።

እስኪላት ድረስ ራሷም አላወቀችም ነበር። «አዎ» አለች። «ሚኒያፖሊስ ልሄድ ነው።»

«ሌላ ሰው አለ?»

«የለም። ቢኖር ለመናገር ይቀለኝ ነበር።»

«እዚያ ማንን ታውቂያለሽ?»

«ማንንም።»

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይላሉ።»

«ሰይጣንማ ብትሆን ኖሮ ዛሬ እንዲህ ባልተንከራተትኩ» አለችው። «ጠዋት ስነሣ ማታው ምን እንደሚሆን አውቀዋለሁ፤ አንሰል። እሱ ነው የሚያስጨንቀኝ። ካንተም ጋ ብኖር አውቀዋለሁ።»

አንሰል ቅቤ የነካውን እጁን ሽርጡ ላይ እየጠረገ አሰበበት። «ላሞች መታለብ አለባቸው» አለ በመጨረሻ። ሊከራከራት አልነበረም፤ ገብቶት ነው። ከዚያ «ቅቤው ይረጋል» ብሎ ሄደ። ጀርባውን ሲሰጣት ፊቱ እንዴት እንደነበረ አላየችም። ሲያስተናግድ ግን ሂልማ እጅጌ ላይ ቅቤ አፈሰሰ፤ ሂልማም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳትናገር ጠረገችው።

እናቷ ከሳህኗ ቀና ሳትል፣ «ነገርሽው?» አለች።

«ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«ላሞች መታለብ አለባቸው አለ።»

«እውነቱን ነው» አለች ገርትሩድና ድንቿን ቆረጠች።

ከእራት በኋላ ክንድ ለክንድ ተያይዘው በሚያዳልጠው መንገድ ወደ ቤት ሄዱ፤ ሻንጣው በሶልቬግ ሌላኛው እጅ ነበር። ጥግ ላይ ሲደርሱ እናቷ፣ «ያ ክፍል ቢጫ ነው አሉ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ስልክ ያለው አንቺ ጋ ብቻ ነው እንዴ?» ጥቂት ከተራመደች በኋላ፣ «ቢጫ አልወድም» አለች። ውሸቷን ይሁን እውነቷን ሶልቬግ ልታውቅ አልቻለችም፤ ለመጠየቅም ድፍረቱን አጣች። ክንዷን ብቻ ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

ቤት ገብታ ካፖርቷን አላወለቀችም። ከጓሮ አካፋ አምጥታ የደጃፋቸውን በረዶ ጠረገች። እሱ ሲያልቅ የጎረቤታቸውን ጀመረች። ጎረቤትየው መስኮት ከፍቶ፣ «ሶልቬግ፣ ለነገም ተይልን እንጂ» አላት። «ይሞቀኛል» ብላ ቀጠለች።

ጥር ላይ ሄደች። ገርትሩድ ለአንዲት አስተማሪ ክፍል አከራየችና «ከልጄ ይልቅ የምትሰማኝ እሷ ናት» እያለች ታወራ ጀመር። አንሰል ገርትሩድን ክረምቱን ሙሉ በየእሑዱ በመኪናው ቤተ ክርስቲያን ያደርሳት ነበር፤ ስለ ሶልቬግ ግን አንድም ቀን አላነሡም። በሁለተኛው ዓመት የቦርግሂልድን ታላቅ እህት አገባ። ሶልቬግ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ፣ ስማቸውን ከማታውቃቸው ብዙ ሴቶች ጋር ተደርድራ ሠራች። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ማታ ማታ አለቀሰች፤ ቤትም ሁለት ጊዜ ቀየረች። የመጀመሪያ ደመወዟን የተቀበለች ቀን ወደማታውቀው ሰፈር በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፍራ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ሄደች፤ ወረደችና መንገዱን ዳር እስከ ዳር ተራመደችበት፤ ማንም ቀና ብሎ አላያትም።