ለጅቦ የተለየ ሳህን

ልብስ ሰፊዋ ሦስት ግልገል ድመቶች ታሳድጋለች። ሁለቱ፣ ጥቁሯና ነጠብጣቡ፣ እቤቷ የተወለዱ ናቸው፤ ሦስተኛውን ግን ከሥጋ ቤቱ ጀርባ፣ ከቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ነው ያነሳችው። ያኔ አጥንቱ ይቆጠር ነበር። አብሯት የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር፣ የመጀመሪያውን ቀን አበላሉን አየና «ጅቦ» አለው። ስሙም በዚያው ጸና።

እውነቱን ለመናገር ስሙ አላነሰውም። ምግብ ሲቀርብ ጅቦ ሌላ ፍጡር ይሆናል። ጡጫ የማታክል ሰውነቱን ነፍቶ፣ አፉ ሞልቶም ቢሆን እያጉረመረመ፣ ጥቁሯን በጥፊ፣ ነጠብጣቡን በንክሻ ያባርራል። አንድ ቀን የጥቁሯን ጆሮ በጥርሱ ቀደደው።

ሾፌሩ ለዚህ መድኃኒት አላጣም። በዚያ ቤት ከአባታቸው ጊዜ ጀምሮ ሰው ሁሉ ከአንድ ትሪ ነው የሚበላው፤ ሳህኑን ይዞ ጥግ የሄደ እንደተጣላ ይቆጠራል። «አብሮ የበላ አይካካድም» እያለ ጅቦን በማጅራቱ ይይዝና ከሁለቱ ጋር ከአንድ ሳህን ላይ ይደፍቀዋል። ይህ የፍቅር ትምህርት በቀን ሁለት ጊዜ ይሰጣል። ተማሪው ግን ከቀን ወደ ቀን ባሰበት። እንዴት አይብስበት? ማጅራቱን ተይዞ ምግቡን ሌላ ሲበላበት እያየ ማን ፍቅር ይማራል?

«ይህ አውሬ ነው» አለ ሾፌሩ አንድ ቀን። «እስከ ቅዳሜ ካልታረመ በጆንያ አድርጌ ከከተማ ውጭ እጥለዋለሁ።»

«ሞክርና እንተያያለን!»

«አንቺ ልጅ፣ በድመት ልትጣዪኝ ነው?»

«በድመትም ቢሆን!» አለችው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የቤቱን ሕግ ሻረችው። አንዱን ሳህን ሦስት አደረገች። የጥቁሯን ከመስኮቱ ሥር፣ የነጠብጣቡን ከጓዳ፣ የጅቦን ከስፌት መኪናዋ ጀርባ አኖረች፤ አንዱ ሌላውን እንዳያይ በመሐላቸው የጨርቅ ጥቅል ደረደረች። በቀን ሁለቴ ይሰጥ የነበረውን ምግብ ከፋፍላ አራት ጊዜ አደረገችው። ጅቦ ሲበላ ከሳህኑ አንዳች አትነጥቀውም፤ ይልቁንም ባጠገቡ ስታልፍ ቁራጭ ሥጋ ጣል ታደርግለታለች። እጅ የሚቀማ ብቻ ሳይሆን የሚሰጥም መሆኑን ይወቅ ብላ ነው። ወንድሟ «የድመት ሆቴል ከፈትሽ» እያለ ቢያሾፍም ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። በአራተኛው ቀን ጅቦ እየበላ ማጉረምረሙን ተወ። የስፌት መኪናዋን አቁማ አዳመጠች። ጸጥታ ነበር። በደስታ እንባ እንባ አላት።

ቅዳሜ ጠዋት የተሰፋ ቀሚስ ለማድረስ ወጣች። ሾፌሩ ይህን ጊዜ ሲጠብቅ ኖሯል። ጅቦ መታረሙን ልፈትን ብሎ ሦስቱን ሰበሰበና አንድ የዓሣ ጭንቅላት መሐላቸው አስቀመጠ። የሆነው ሆነ። ሊገላግል የገባው ጣቱ ተነክሶ ወጣ።

ስትመለስ ወንድሟ ጣቱን በመሐረብ ጠቅልሎ በር ላይ ቆሟል። እግሩ ሥር ያለው ጆንያ ይንቀሳቀሳል።

«ፈተናውን ወደቀ» አላት።

«የወደቅከው አንተ ነህ!» በሩን ዘግታ ቆመችበት። «ወንድምዓለም፣ ዛሬ ከዚህ የምታልፈው በእኔ ላይ ተራምደህ ነው።»

«ሆዳም ነው፤ አይለወጥም።»

«እኔንስ ሆዳም ስትሉኝ አይደል ያደጋችሁት? በዚያ በምታመልኩት ትሪ አንተ እጅህ ረጅም ነበር፤ እኔ ትንሽ ነበርኩ። ያልፈጠነ ጦሙን ያድራል። ፈጠንኩ። ይኸው ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ዛሬም ሳላኝክ ነው የምውጠው! አንድ ቀን ለብቻዋ ስጧት ያለ ሰው ነበር?»

ሾፌሩ ከጆንያው አንድ እርምጃ ሸሸ። እሷ ጎንበስ ብላ ጆንያው የታሰረበትን ሲባጎ በመቀሷ ቆረጠችው። ጅቦ ተፈትልኮ ከስፌት መኪናው ጀርባ ገባ። ተከትላው ሄደችና ሳህኑን ሞላችለት።

ቀትር ላይ የምሳው ሩዝ በትሪው ቀረበ። ሾፌሩ እጁን ታጥቦ ጠበቃት። እሷ ግን ድርሻዋን በሳህን ቀንሳ፣ ወደ ስፌት ጠረጴዛዋ ሄዳ፣ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች።

«ተጣላን ማለት ነው?» አላት። ድምፁ ለዝቧል።

«አልተጣላንም። ምሳዬን እየበላሁ ነው።»

አንድ ጉርሻ አንስታ አኘከች። ማንም አልተሻማትም። ደግማ አኘከች፤ ቀስ ብላ፣ እስኪልም። ከዚያ ፊቷ ተኮማተረ።

«ይሄ ሩዝ ጨው በዝቶበታል!»

«ሁልጊዜስ እንዲሁ አይደል እንዴ የምትሠሪው» አለ ሾፌሩ፣ ብቻውን ከትሪው ፊት ተቀምጦ።