ውሃ የሌለበት ባሕር

አባ ማዕበል የሚሉት ካፒቴን ዕድሜውን የፈጀው መርከብ ላይ ነው። ዓሣ ነባሪ ተነሥቶ መንገድ ይለቅለታል፣ ጉንፋን የያዘውን ሞተር በማስነጠሱ ያውቃል ይባልለት ነበር፤ ወሬውን የሚያስወራው ራሱ ነው። መርከቡ ከወደብ ግንብ ተላትሞ ግንቡ ላይ ቆሞ ገመድ ሊቀበል የነበረ ሠራተኛ ከሞተ ወዲህ ግን ወሬውም ደረቀ፣ ልቡም እንደ ደነዘዘ እግር ሆነ።

ኩባንያው በሲሙሌተር ተፈትነህ ካላለፍክ መርከብ አታገኝም አለው። ሚስቱ ስትሰማ “ለቀባሪው አረዱት” ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም፣ አልተቆጣምም፤ ኮቱን ደርቦ ሄደ።

ፈታኙ ድሮ ምክትሉ የነበረ ጎልማሳ ነው። ሲሙሌተሩ የመርከብ ማዘዣ ክፍል አስመስለው የሠሩት ጨለም ያለ ክፍል ሲሆን፣ በመስኮት ፋንታ ስክሪን፣ ስክሪኑ ላይ ባሕር አለው። ዝናቡ ይዘንባል፣ አያረጥብም። አባ ማዕበል መርከቧን ወደ ወደቡ አስጠጋ። ግንቡ ሲቀርብ፣ እንደ ነባር ካፒቴን ሁሉ፣ ርቀቱን በዓይኑ ሊለካ የጎኑን በር ከፍቶ ወጣ።

ኮሪደር ነው። የፅዳት ሠራተኛዋ ከግድግዳው ተለጥፋ በአክብሮት አሳለፈችው። እሱ ግን፣ ልማድ ክፉ፣ ጎንበስ ብሎ ውሃውን ፈለገ። ያገኘው የእሷን ባልዲ ነው።

ሲመለስ መርከቧ ግንቡን በርቅሳ ግማሽ ጎኗ ከተማ ገብቷል። ጠረጴዛው ላይ ያለው የሻይ ብርጭቆ ንቅንቅ አላለም።

“ሰው ተጎዳ?” አለ።

ፈታኙ ሊስቅ አፉን ከፈተና ፊቱን አይቶ ዘጋው። “ጋሼ፣ እዚህ ሰው የለም። ጎኑን የሚያሳየው ይሄ ቁልፍ ነው፤ መውጣት አያስፈልግዎትም።”

ደገመ። ቁልፉን ተጫነ፣ መርከቧም እንደ ሰነፍ ድመት ግንቡ ላይ ተለጠፈች። ስክሪኑ ላይ የተሣለ ትንሽ ሰውዬ ገመዱን ተቀብሎ አሰረ። አባ ማዕበል ቆሞ አየው።

ፈታኙ እጁን ጨበጠው፤ አልፈዋል፣ መርከብዎ ይጠብቅዎታል አለው። ከዚያም፣ የተፈታኙን ሁሉ አስተያየት ስለሚጠይቅ፣ ሲሙሌተሩ እንደ እርስዎ ላለ ሰው ይጠቅማል ወይ አለ።

“ይጠቅማል። ቅድም ስላተም ምንም አልተሰማኝም። ያኔም፣ በእውነቱ ጊዜ፣ ምንም አልተሰማኝም። ሁለቱን መለየት አቅቶኛል፣ ልጄ። እንዲህ ሆኜ መርከብ አትስጡኝ።”

“ታዲያ ምን ይሻላል?”

“እንደገና አስጀምርልኝ። ያንን ሰውዬ እንዳልገጨው እስክፈራ።”

ፈታኙ ምሳውን ትቶ ባሕሩን ከመጀመሪያው አስጀመረው።