ሞተሩ ሳያንኳኳ

አስረሳሽ በባሏ በአራጌ ላይ ቂም ይዛ ነው የኖረችው። ራቱን ታቀርብለታለች፣ ሲያመው ታስታምመዋለች፣ ሰው ሲያማው ትቆጣለታለች፤ ቂሙ ግን ከሆዷ አልወጣም። ለንስሐ አባቷ እንኳ አልተናገረችውም። «ይቅር በይው» ይሉኛል ብላ ፈርታ ነው። ይቅር ማለት አልፈለገችማ!

ነገሩ የታናሽ ወንድሟ የፈንታው ነገር ነው። ፈንታው የመንግሥት እህል መኪና ሹፌር ነበር። ከጎብዬ እስከ አላማጣ ያለውን መንገድ እንደ ጓሮው ያውቀዋል። በዚያ፣ ማታ የተኛ ሰው ጧት በማይገኝበት ዓመት፣ መኪናውን እዚሁ ቆቦ አራጌ ጋራዥ በር ላይ አቁሞ፣ «አያ አራጌ፣ ብሮንዚኑ እያለቀ ነው መሰለኝ፤ ሳያንኳኳ ቀይርልኝ» አለው። ብሮንዚን ማለት በሞተሩ ሆድ ውስጥ ብረት ብረትን እንዳይበላው መሀል የሚገባ፣ ለሁለት የተሰነጠቀ አምባር የሚመስል ስስ ነገር ነው። እሱ ሲያልቅ ሞተሩ ይነክሳል። ነክሶ ድርቅ ይላል።

አራጌ ራሱን ነቀነቀ። ያልታመመ የመንግሥት ሞተር የፈታ ሰው አሻጥረኛ ይባል ነበርና። «ደህና ሞተር አይፈታም። ዝም ብለህ ንዳ፤ ዝም አይነቅዝም» ብሎ ሸኘው። ፈንታውም ነዳ። የወታደር ስንቅ እንደጫነ ከአላማጣ በላይ ካለው ግራካሱ ዳገት ላይ ሞተሩ ነከሰ። «ሆን ብሎ ነው፤ ለወንበዴ ሊያስረክበን ነው» ብለው ወሰዱት። አስረሳሽ ስንቅ ቋጥራ ወልድያ እስር ቤት ተመላለሰች። አንድ ቀን «ከእንግዲህ አታምጪ» አሏት። በቃ፣ ይኸው ነው መርዶው። የሕዝብ ጠላት አይለቀስለትም ተብሎ ስለነበር ለቅሶ አልተቀመጠችም። ጎረቤት እንዳይሰማ አፏን በነጠላ አፍና ምድጃ ሥር ተንሰቀሰቀች። አራጌም «ነግሮኝ ነበር፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ» ብሎ ለአንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ለእሷም ቢሆን። ከበር ቆማ ባትሰማቸው ኖሮ ይህንንም አታውቅም ነበር።

ቀይዋ መኪና የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀይዋ ሁለት በር ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ የሩጫ መኪና ናት። ጥንት የአንድ የጥጥ እርሻ ባለቤት ልጅ አስመራ ድረስ ወስዶ ይወዳደርባት ነበር። ከተወረሰች በኋላ ከእጅ እጅ ስትዞር ቆይታ ጓድ ውበቱ የሚባል ካድሬ እጅ ገባች። ጓድ ውበቱ ያለ እሷ አይንቀሳቀስም። መንገዱ ወንበዴ አለበት፤ እሷን ግን ጥይት አይደርስባትም ይላል። ሹፌሩን ታሂርን «እርገጠው! እርገጠው!» እያለ ነው የሚያስነዳት። ድምፅዋ ከሮቢት በኩል ሲሰማ ቆቦ ቀጥ ትላለች። ጠላ ቤት ያለው ወሬውን ያቋርጣል፣ እናት ልጇን ከደጅ ትጎትታለች። ቀይዋ በራፉ ላይ የቆመችበት ቤት ሰው ይጎድልበታል።

የጥጥ እርሻው ባለቤት ልጅ ከመሰደዱ በፊት መካኒኩን አራጌን አስጠንቅቆት ነበር። «እነዚህ የሩጫ ሞተሮች እንደ ጭነት መኪና አይደሉም። ሲያንኳኳ እቀይራለሁ ካልክ ያኔ ሞተሩ አልቋል። እኔ በየዓመቱ ደህና ሳለች ነው የምቀይርላት» ብሎ፣ ሙሉ ብሮንዚን በቅባት ወረቀት ጠቅልሎ አስቀምጥልኝ አለው። ንብረቱ ሲወረስ አራጌ ያንን ጥቅል ማስረከብ ነበረበት። ፈርቶ አላስረከበም። ካላስረከበ በኋላ ደግሞ ማስረከቡን ፈራው። ወስዶ አስረሳሽ ጎታ ውስጥ፣ ማሽላው ሥር ቀበረው።

እና በአንድ የገበያ ቀን ቀይዋ መጥታ ጋራዡ በር ላይ ቆመች።

አስረሳሽ ሊወስዱን ነው ብላ አጥሩ ሥር ቁጭ አለች። ጓድ ውበቱ ግን ወርዶ ከጠባቂው ጋር ወደ ስብሰባው ሄደ። ታሂር መኪናዋን ከሥር ለማየት የተቆፈረው ጉድጓድ ላይ አቆማትና አራጌን ጠጋ አለው። ወጣት ነው፤ ጢሙ በቅጡ አልሞላም።

«አያ አራጌ፣ የዘይት መለኪያው ቀስት ሞተሩ ሲሞቅ ይወድቃል።»

«ድምፅ አላት?»

«ድምፅስ የላትም። ቀስቱ ብቻ።»

አራጌ ግራ ቀኙን አየ። «ለማን ተናገርክ?»

«ለማንም።»

«አትናገር። ለእኔም አልነገርከኝም።»

«ከስብሰባው በኋላ እኮ ግራካሱን ወጥተን ኮረም ነን! እስከ ጫፉ ርገጥ ነው የሚለኝ።»

«ታሂር፣ ልጄ፣ አልነገርከኝም አልኩህ።»

ታሂር አንገቱን ደፍቶ ሰላቱን ሊሰግድ ወደ መስጊድ ሄደ። አስረሳሽ ከአጥሩ ሥር ብድግ አለች። ይህን ነገር ሰምታዋለች። ድምፁ የሌላ፣ ቃሉ ግን ያው።

አራጌን ጓዳ ድረስ ተከትላ ገባች።

«ፍታትና ቀይርላት።»

«ምኑን?»

«ብሮንዚኑን። ሰምቻለሁ፤ የዘይቱ ቀስት የሚወድቀው እሱ ሲያልቅ ነው።»

«ምን ብዬ ልፍታት? ደህናዋን መኪና ሆዷን ቀደድኩት ልበል? ብሮንዚኑንስ ከየት አመጣኸው ሲሉኝ? ማሽላ መሀል በቀለ ልበል?»

«ሞተሩ ሲነክስስ ምን ልትል ነው?»

«ላይነክስ ይችላል።»

«ለፈንታውም እንዲሁ አልከው።»

ከዚያ ዓመት ወዲህ ያ ስም ጣራው ሥር ተጠርቶ አያውቅም። አራጌ ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«አንች ሴትዮ ልታስፈጅን ነው? ዝም በይ። ዝም አይነቅዝም።»

«ዝምታውስ አልነቀዘም» አለች አስረሳሽ። «የነቀዝከው አንተ ነህ።»

ወጥታ ግቢው ውስጥ ቆመች። ክፉ ሐሳብ መጣባት። ሞተሩ ከነከሰ ሹፌሩንም መካኒኩንም ነው የሚወስዱት። ይውሰዱታ! እሱም ይቅመሳት። ፈንታው የጠጣትን ጽዋ ይጠጣት። ይህን አስባ የራሷ ሐሳብ አስደነገጣት። ታሂርስ? የታሂር እናትስ ስንቅ ቋጥራ ወልድያ ልትመላለስ ነው?

በዚህ መሀል የዞብሉ ሰው ሙሀመድሰይድ ጣሳውን ይዞ ከደጅ ጠራት።

«እናቴ፣ አሰላሙ አለይኩም። ጥቁር ዘይት አጣሽልኝ? ግመሌን እከክ ጨረሳት።»

የቆላ ሰዎች ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት ግመል ይቀባሉ። እከኩን ይገድለዋል። በገበያ ቀን ጣሳ ይዞ ጋራዡን የማይረግጥ ባለግመል የለም፤ የምትሰጣቸውም እሷ ናት። አስረሳሽ ጣሳውን አየች፣ ቀይዋን አየች።

«ጣሳህን ተወልኝና ሂድ። ግመልህን ይዘህ ከከተማው ውጣ።»

«ምነው እናቴ፣ ተጣላን እንዴ?»

«አልተጣላንም። ዛሬ እኔ ጋ አልመጣህም፤ አላየሁህም። ሂድ አልኩህ!»

ሰውዬው ዓይኗን አይቶ ሌላ ሳይጠይቅ ሄደ።

አስረሳሽ ኪያቤውን ከግድግዳው አወረደች። ለአራጌ መፍቻ ስታቀብል የኖረች ሴት የትኛው ቡሎን በየትኛው ኪያቤ እንደሚፈታ አይጠፋትም። ጉድጓዱ ውስጥ ወረደች። እርጥብ ነው፣ ጠባብ ነው፤ መቃብር ውስጥ በሕይወት የገባች መሰላት። የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን ይዛ ቆመች። «እመብርሃን፣ እጄን ብቻ አበርችልኝ» አለችና ታገለችው። ቡሎኑ ላላ። ትኩስ ዘይት በክንዷ ወረደ። ከንፈሯን ነክሳ ጩኸቷን ዋጠችው። ዘይቱ ጣሳውን ሞልቶ መሬት ላይ ፈሰሰ።

ዘይቱ ብቻ አይበቃም፤ ሌላ ይሞሉበትና ይሄዳሉ። ከጉድጓዱ ግርጌ አሸዋ ጨብጣ በቀዳዳው ወደ ላይ በጣቷ አስገባች። ሞተሩ እስካልተነሳ ድረስ አሸዋው ኮፓው ውስጥ፣ ማለት የሞተሩ የታች ሳህን ላይ ተኝቶ ይቆያል። ጉዳት የለውም። ኮፓው ግን የግድ ወርዶ መታጠብ አለበት። ኮፓው ከወረደ ደግሞ ብሮንዚኑ እዚያው ነው፤ እጅ ይደርሰዋል። አራጌ «አሸዋ ገብቷል፤ መፈታት አለበት» ብሎ አንድ ቃል ብቻ ይናገር። ጥፋቱ የእሷ፣ የማታውቅ ሴት ጥፋት ይሆናል።

ከጉድጓዱ ራሷን ብቅ ስታደርግ አፍንጫዋ ሥር ጥቁር ጫማ አየች። ስብሰባው ቶሎ አልቆ ኖሯል።

«ምንድን ነው ይኸ?» አለ ጓድ ውበቱ። ጠባቂው ከኋላው ጠመንጃውን አንግቶ ቆሟል።

«ዘይት ነው፣ ጌታዬ።»

«ጌታዬ የሚባል ነገር ቀርቷል!»

«እሽ፣ ጌታዬ።»

ጠባቂው ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«ማነው ያፈሰሰው?»

«እኔ ነኝ። ለግመል እከክ ፈልጌው ነው። የተቃጠለ ዘይት መስሎኝ።»

«የማን ግመል?»

«እከክ የያዘው ሁሉ።»

ጓድ ውበቱ ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ምራቁን እንትፍ አለና፣ «ይህን ሕዝብ እስኪያነቁት ስንት ዘመን ነው የሚፈጀው!» አለ። ሳቀም። «አራጌ! ሌላ ዘይት ሙላ። ሳይጨልም ኮረም መግባት አለብኝ።»

አራጌ ከጓዳ ወጥቶ መጣ። ጉድጓዱን አየ፣ የማፍሰሻው ቀዳዳ ዙሪያ የተለጠፈውን አሸዋ አየ፣ ጥፍሯ ውስጥ ያለውን አሸዋ አየ። ገባው። አስረሳሽ በዓይኗ ለመነችው። አንድ ቃል ብቻ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለው ጓድ ውበቱ።

አራጌ አፉን ከፈተ። ዓይኑ ጠመንጃው ላይ አረፈ። አፉን ዘጋ። ወርዶ ቡሎኑን መልሶ አጠበቀ። ወጣ። የዘይቱን ጀሪካን አንስቶ ከላይ ያፈስ ጀመር።

አሁን ፍርሃቱ ሌላ ሆነ። ያ ሞተር በአሸዋ ከተነሳ ግራካሱም አይደርስ፤ ዋጃ ላይ ያልቅለታል። ታሂርንና ባሏን የምትገድላቸው እሷ፣ በገዛ እጇ ልትሆን ነው። ከመስጊድ የተመለሰው ታሂር በሩን ከፍቶ ገባ። ቁልፉን ሲሰካ ሰማችው።

«አታስነሳ!»

ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። ሁሉም ዞሩ። አስረሳሽ ወደ ቤት ሮጠች፣ ጠባቂው «ቁሚ!» እያለ ተከተላት። ክንዷን እስከ ትከሻዋ ጎታው ውስጥ ከተተች። ማሽላው ወለሉ ላይ ተበተነ። ጥቅሉን አወጣችና ተመልሳ የቀይዋ ግንባር ላይ ዘረጋችው። ግማሽ ግማሽ አምባሮቹ በፀሐይ አብለጨለጩ።

«ኮፓው ውስጥ አሸዋ አለ። የጨመርኩት እኔ ነኝ። እንዲፈታ ብዬ ነው። ይኸ ብሮንዚኗ ነው፤ እኔ ጎታ ውስጥ ነው የከረመው።»

ጓድ ውበቱ እጁ ወደ ሽጉጡ ሄደ። «አሻጥር!»

«ያንን ስም አውቀዋለሁ። ወንድሜን ወስዳችሁበታል። ፈንታው ይባላል። ሳያንኳኳ ይቀየርልኝ አለ፣ እምቢ ተባለ፣ ሞተሩ ነከሰ፣ እሱ ሞተበት። ይህችንም ሳታስቀይር ከሄድክ ግራካሱ ላይ ትቆማለህ። እዚያ ማን እንደሚቀበልህ አንተ ታውቃለህ።»

አንተ ማለቷን ያወቀችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

«የዘይቱ ቀስት ይወድቃል፣ ጓድ» አለ ታሂር ከመኪናው ውስጥ። «ወላሂ ይወድቃል። ፈርቼ ነው ያልነገርኩዎት።»

ጓድ ውበቱ ወደ ሰሜን፣ ወደ ተራራው ቀና ብሎ አየ። አስረሳሽ ያን ጊዜ ፊቱ ላይ አየችው። እሱም ፈርቷል። እንደነሱው፣ ሆዱ ድረስ ፈርቷል። እጁን ከሽጉጡ አነሳ።

«ፍታው» አለ ለአራጌ። ወደ ጠባቂው ዞሮ፣ «እሷን ቀበሌ አስገባልኝ። ስመለስ አነጋግራታለሁ።»

ስመለስ። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ አወቀች። አራጌ አላያትም። ኪያቤውን አንስቶ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ፤ ከእሱ የሚታየው መላጣው ብቻ ነበር።

ጠባቂው ክንዷን ያዘ፣ የተቃጠለውን። «ልቀቀኝ፣ እሄዳለሁ» አለችው። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለበሰችው። መንገዱ በገበያው መሀል ነው። ሰው እያያት ፊቱን አዞረ፣ ገሸሽ እያለ መንገድ ለቀቀ። ከበርበሬ ተራው ስትደርስ ደረቷን መታች።

«ወንድሜ!» አለች። «ወንድሜ ፈንታው! ዋይ፣ ዋይ!»

«ዝም በይ፣ እትዬ፣ ለራስሽ ብዬ ነው» አላት ጠባቂው በሹክሹክታ።

እስከ ቀበሌው በር ድረስ በስሙ እየጠራች አለቀሰችለት።